የቤዝቦል ወርዋሪዎችን የውርወራ ስንቅ ማጥናት፦ ከሲያትል ማሪነርስ ምሳሌዎች ጋር ደረጃ በደረጃ

ስለ አንድ ወርዋሪ «ፋስትቦል፣ ስላይደር፣ ከርቭቦልና ስፕሊተር ይወረውራል» ብሎ የሚያበቃ ማስታወሻ ለማንም አይረባም። ይህን ማንም ተመልካች ከስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ አንብቦ ሊነግራችሁ ይችላል። ዱላውን ይዞ የቆመው መቺ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፦ ይህ ሰው እንደ እኔ ላለ መቺ፣ ቆጠራው እዚህ ሲደርስ፣ የትኛውን ኳስ ወዴት ይልክብኛል? የወርዋሪ ስንቅ የሚለካው በጭንቅ ሰዓት አምኖ በሚያወጣው ውርወራ ነው። አራት ዓይነት እያለው በሁለቱ ብቻ የሚኖር ወርዋሪ ሞልቷል።

ይህ መመሪያ የአንድን ፕሮፌሽናል ቡድን ወርዋሪዎች ከቤት፣ ከቴሌቪዥንና ከመቀመጫ ወንበር ሆኖ እንዴት በሚገባ ማጥናት እንደሚቻል ያሳያል። ምሳሌ ያደረግሁት ሲያትል ማሪነርስን ነው። አንደኛው ምክንያት ባለፉት ዓመታት ከዚህ ቡድን የወጡት ወርዋሪዎች አንዱ ከሌላው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በሲያትልና በዙሪያዋ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ከሬይኒየር ቫሊ በቀላል ባቡር ተሳፍሮ «ስቴዲየም» ጣቢያ የሚወርድ ሰው ሜዳው ቅርቡ ነው። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ቡድን ለሚጫወቱ ወላጆችም ይህ ዕውቀት ከልጅ ጋር አብሮ የሚታይ ጨዋታ ይሆናል። ዓመተ ምሕረቱ፣ ወሩና ቀኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመጀመራችን በፊት መታወቅ ያለባቸው ልኮች

ወርዋሪው ከቆመበት ጉብታ መቺው አጠገቡ እስከሚቆምበት ሰሌዳ፣ እስከ ሆም ፕሌት፣ 18.44 ሜትር ነው። ፕሌቱ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ኳሱ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል። በሰዓት 95 ማይል፣ ማለትም 153 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። መቺው ዱላውን ለማዞር ራሱ ጊዜ ስለሚያስፈልገው፣ ለማየትና ለመወሰን የሚቀረው ከዚያ ግማሹ ቢሆን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መገመት የመምታት ጥበብ አካል ነው፤ የወርዋሪ ጥናት ዋጋ የሚያገኘውም ከዚህ ነው።

ከስትራይክ ክልሉ ውጭ የወጣና መቺው ያልሰነዘረበት ኳስ «ቦል» ነው፤ በክልሉ ውስጥ ያለፈ ወይም መቺው ሰንዝሮ የሳተው «ስትራይክ» ነው። አራት ቦል መቺውን በነጻ ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ሯጭ ወደሚቆምበት ማረፊያ) ይሰደዋል፤ ሦስት ስትራይክ ያስወጣዋል፣ ይህም «ስትራይክአውት» ይባላል። ቆጠራ ሲጻፍ ቦል ይቀድማል፣ ስትራይክ ይከተላል። 3-1 ማለት ሦስት ቦል፣ አንድ ስትራይክ ነው። በማስታወሻችሁ ላይ ይህን ቅደም ተከተል አትቀያይሩ።

አንደኛ ደረጃ፦ ውርወራዎቹን በአካሄዳቸው ለዩ

ስያሜ ያሳስታል። አንዱ «ስላይደር» የሚለውን ሌላው «ከተር» ይለዋል። ስለዚህ ኳሱን በሦስት ጥያቄዎች መዝኑት፦ ምን ያህል ይፈጥናል? ወደየትኛው ወገን ይታጠፋል? ምን ያህል ይወርዳል? ግራና ቀኝ ስትሉ በወርዋሪው አካል ለኩ። ኳሱ ወደሚወረውርበት ክንድ ወገን ከሄደ «የክንድ ወገን»፣ ጓንት ወዳደረገበት ከሄደ «የጓንት ወገን» በሉት። እንዲህ ከሆነ ለቀኝ እጅም ለግራ እጅም ወርዋሪ አንድ ዓይነት ማስታወሻ ይበቃችኋል።

ፎር ሲም ፋስትቦል ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ መቺው ከጠበቀው ያነሰ ይወርዳል። ከፍ ብሎ ሲመጣ መቺዎች ከሥሩ ዱላ የሚሰዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሲንከር በፍጥነት ይቀርበዋል፣ ነገር ግን ወደ ክንድ ወገን ያዘነብላል፣ ይወርዳልም፤ ውጤቱ ብዙ ጊዜ መሬት ለመሬት የሚሄድ ኳስ ነው። ከተር ፋስትቦል መስሎ መጥቶ በመጨረሻው ላይ ወደ ጓንት ወገን ጥቂት ያፈነግጣል። ስላይደር ከዚያ የዘገየና የበለጠ የሚታጠፍ ነው፤ ስዊፐር ደግሞ የስላይደር ወንድም ሆኖ መውረዱ ትንሽ፣ ወደ ጎን መጓዙ ረጅም ነው። ከርቭቦል ወደ ፊት እየተሽከረከረ ከሁሉ የበለጠ ይወርዳል።

ቼንጅአፕና ስፕሊተርን ለይቶ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለቱም ክንዱ እንደ ፋስትቦል በፈጠነ አወራወር ወጥተው ዘግይተው ይደርሳሉ። ቼንጅአፕ በአብዛኛው ወደ ክንድ ወገን ያዘነብላል። ስፕሊተር በሌባ ጣትና በመሀል ጣት መካከል ተይዞ ስለሚወረወር ሽክርክሪቱ ያንሳል፤ ፕሌቱ አጠገብ ሲደርስ የሚደግፈው እንደ ጠፋ ይወርዳል። ኳሱ በትክክል ከወረደ መቺው አፈር የሚነካ ኳስ ሊመታ ሲሰነዝር ታያላችሁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ሜዳ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጥሩን ሰብስቡ

የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካ ከፍተኛ ሊግ፣ ውርወራዎች ሁሉ ከ2015 ጀምሮ «ስታትካስት» በተባለው ሥርዓት ይመዘገባሉ፤ ከ2020 ወዲህ ልኬቱ የሚወሰደው በየስታዲየሙ በተተከሉ «ሆክ አይ» ካሜራዎች ነው። መረጃው «ቤዝቦል ሳቫንት» በሚባለው የሊጉ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። የወርዋሪውን ስም ስትፈልጉ እያንዳንዱ ውርወራ ከመቶ ስንት እጅ እንደ ተወረወረ፣ አማካይ ፍጥነቱን፣ እንቅስቃሴውን፣ ከእጅ የሚለቀቅበትን ከፍታና መቺዎች ሰንዝረው የሳቱበትን መጠን ታገኛላችሁ።

ለእያንዳንዱ ውርወራ አንድ መስመር ስጡ። በመስመሩ ላይ ድርሻውን፣ ፍጥነቱን፣ ወደ ታችና ወደ ጎን የሚሄድበትን መጠን፣ ከተሰነዘረበት ውስጥ ስንቱ እንደ ተሳተ ጻፉ። የመጨረሻውን ለመመዘን፣ በሊጉ በአጠቃላይ መቺ ከሚሰነዝራቸው አራት ውርወራዎች አንዱን ያህል ይስታል። ፋስትቦል ከዚህ ትንሽ ቢያንስ አይገርምም፤ ስላይደር ግን ከዚህ ካነሰ ወይ ቅርጹ ደካማ ነው፣ ወይ የሚጣልበት ቦታ ልክ አይደለም።

ቁጥሩን ስትወስዱ ሁለት ነገሮችን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ብርቅዬ ውርወራ ነው። የማሪነርሱ ጆርጅ ከርቢ በ2023 የመጨረሻ ጨዋታው አንድ ነክልቦል፣ ማለትም ሳይሽከረከር እየተወዛወዘ የሚሄድ ዘገምተኛ ኳስ፣ ወረወረ። በዚያው ቀን ያረፈውን፣ በነክልቦሉ የታወቀውን የቀድሞ ወርዋሪ ቲም ዌክፊልድን ለማክበር ያደረገው ነበር። ውርወራው በመዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ነገር ግን ከርቢን የሚገጥም መቺ ስለ ነክልቦል ቢጨነቅ ጊዜውን ያባክናል። በወቅቱ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የታየን ውርወራ ከዋናው ዝርዝር አውጥታችሁ በግርጌ መዝግቡት።

ሁለተኛው የናሙና ማነስ ነው። ከአንድ ጨዋታ ብዙ አትደምድሙ። ጨዋታ ከፋች ወርዋሪ በአንድ ቀን 90 ኳስ ያህል ቢወረውርና ከርቭቦሉ ከመቶ 8 እጅ ቢሆን፣ ያያችሁት ሰባት ከርቭቦል ነው። አምስት ጨዋታ ብትሰበስቡ 36 ይሆናል፤ በግራና በቀኝ መቺ ስትከፍሉት እንደገና ወደ 18 ይወርዳል። ፍጥነትንና ቅርጽን ከአንድ ጨዋታ ማወቅ ይቻላል፤ ልማድን ለማወቅ ግን አምስት ጨዋታ ዝቅተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሁሉንም በመቺው እጅ ክፈሉት

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። አንድ ወርዋሪ ለቀኝ እጅ መቺና ለግራ እጅ መቺ ሁለት የተለያየ ሰው ነው። አጠቃላይ ድርሻውን ብቻ የያዘ ማስታወሻ ሁለቱን ሰዎች ቀላቅሎ በሕይወት የሌለ ሦስተኛ ሰው ይፈጥራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የቀኝ እጅ ወርዋሪ ስላይደር ወደ ጓንቱ ወገን ሲታጠፍ ከቀኝ እጅ መቺ እየራቀ ይሄዳል፤ መቺውም ያሳድደዋል። ያው ስላይደር ግራ እጅ መቺ ዘንድ ግን ወደ ዱላው እየገባ ይመጣል፤ መቺውም ከሩቅ ያየዋል። ስለዚህ የቀኝ እጅ ወርዋሪ ለግራ እጅ መቺ ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ቼንጅአፕ ወይም ስፕሊተር፣ አንዳንዴም ከርቭቦል ወይም ወደ እጁ የሚገባ ከተር።

የማሪነርሱን ብራይስ ሚለርን ተመልከቱ። በግንቦት 2023 ወደ ሜጀር ሊግ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚቀር ድንቅ ፎር ሲም ይዞ ነበር። ቀኝ እጅ መቺዎችን አስጨነቀ፤ ግራ እጅ መቺዎች ግን ፋስትቦሉን ጠብቀው ክፉኛ መቱት፣ ምክንያቱም ከእርሱ የሚያስጥላቸው ዘገምተኛና የሚወርድ ኳስ አልነበረውም። ያን ዓመት 4.32 በሆነ አማካይ ጨረሰ፤ አማካዩ በዘጠኝ ኢኒንግ (ጨዋታው በሚከፈልባቸው ዘጠኝ ክፍሎች) የተቆጠሩበትን ነጥቦች የሚያሳይ ነው። ከ2024 በፊት ስፕሊተር ጨመረ፤ ዓመቱን በ2.94 አጠናቀቀ። ልዩነቱ ሁሉ ከአንድ ኳስ መጣ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ የተከፈለ ሰንጠረዥ የያዘ ሰው ጉድለቱን የ2023 ጨዋታዎች ካለቁ በኋላ ሳይሆን ገና እየተካሄዱ ሳለ ማየት ይችል ነበር። ጥናት ማለት ይህ ነው፤ ወርዋሪው የጎደለውን ከመሙላቱ በፊት ባዶ ቦታውን ማግኘት።

በሥራ ላይ እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራው በኩል ለግራ እጅ መቺዎች፣ በቀኙ ለቀኝ እጅ መቺዎች የወረወራቸውን በድርሻቸው ቅደም ተከተል ጻፉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ በአንደኛው ወገን ከፍ ብሎ በሌላው የጠፋ ውርወራ አለ? ካለ የወርዋሪውን አሳብ አገኛችሁ። በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ያለው ወርዋሪ ካጋጠማችሁ ደግሞ ወይ እጅግ ጎበዝ ነው፣ ወይ አማራጭ አጥቷል፤ የትኛው እንደ ሆነ የተሳቱት ኳሶች ይነግሯችኋል።

አራተኛ ደረጃ፦ በቆጠራ ክፈሉት

አሁን እያንዳንዱን ወገን በሦስት ሁኔታ መድቡ፦ የመጀመሪያ ውርወራ፣ ወርዋሪው ሲቀድም (0-1፣ 0-2፣ 1-2) እና መቺው ሲቀድም (1-0፣ 2-0፣ 2-1፣ 3-1)። 1-1 እና 2-2ን ለብቻ አስቀምጡ፤ 3-2 የራሱ ዓለም ነው።

መቺው ሲቀድም የሚወረወረው ኳስ የወርዋሪውን እምነት ያጋልጣል። በ2-0 ስትራይክ ማግኘት ግዴታ ስለሆነበት እጁ ወደሚታዘዝለት ኳስ ይመለሳል። ለአብዛኞቹ ይህ ፋስትቦል ነው። በ2-0 ስላይደር ለመወርወር የሚደፍር ሰው ግን ስላይደሩን እንደ ፋስትቦል ይቆጣጠረዋል ማለት ነው፤ ያን ወርዋሪ በድርብ ምልክት አስምሩበት። በ0-2 የሚወረወረው ደግሞ መጨረሻውን ያሳያል፤ መቺውን ለማስወጣት ስፕሊተሩን ወደ አፈር ይልካል ወይስ ፋስትቦሉን ከደረት በላይ?

እዚህ ላይ ከርቢ እንደገና ይመጣል። በ2023 በ190 ኢኒንግና ሁለት ሦስተኛ ውስጥ በአራት ቦል በነጻ ወደ ቤዝ የሰደዳቸው መቺዎች 19 ብቻ ነበሩ። ነሐሴ 24 ቀን 2022 ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር ሲጫወት የመጀመሪያዎቹ 24 ውርወራዎቹ በሙሉ ስትራይክ ሆነዋል፤ የውርወራ መዝገብ በዝርዝር መያዝ ከጀመረበት ከ1988 ወዲህ እንዲህ ያደረገ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ወርዋሪ በትዕግሥት ቆሞ ቦል እስኪወረውር መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለ ከርቢ የሚጻፈው ምክር የሚያተኩረው በመጀመሪያው ውርወራ ላይ ነው፦ ስትራይክ እንደሚሆን ይታወቃል፣ ጥያቄው የትኛው ውርወራ ነው። ድክመቱም ከዚሁ ጥንካሬው ይወለዳል፤ ሁልጊዜ ፕሌቱ ላይ የሚገኝ ኳስ ሊመታ የሚችል ኳስ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ በዓይናችሁ ተመልከቱ፣ በእጃችሁ መዝግቡ

ቁጥር ያለ ዓይን ግማሽ ዕውቀት ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ የሚቆመው ከመሀል ሜዳ ጀርባ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ስለሆነ ከፍታን በደንብ ያሳያል፣ ወደ ጎን መታጠፍን ግን ያዛባል። ቀጥ ያለ ፋስትቦል የታጠፈ ይመስላችኋል። በስታዲየም ከሆም ፕሌት ጀርባ መቀመጫ ካገኛችሁ የጎኑን እንቅስቃሴ በትክክል ታያላችሁ። ዋጋው ከበዛ ከአንደኛው ወይም ከሦስተኛው ቤዝ ወገን ተቀምጣችሁ የኳሱን መውረድና የፍጥነቱን ልዩነት አጥኑ፤ ቼንጅአፕን ከፋስትቦል ለመለየት የጎን መቀመጫ እንዲያውም ይሻላል። ሰሌዳው የሚያወጣው የውርወራ ስም በኮምፒውተር የተሰጠ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትክክል ቢሆንም ስላይደርና ከተርን፣ ቼንጅአፕና ስፕሊተርን ሲያቀላቅል ይታያል። ዓይናችሁ ከሰሌዳው ካልተስማማ ጥያቄ ምልክት አድርጉና ማታ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ።

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ይቆጠርበታል፤ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 15 ሰከንድ፣ ካለ ደግሞ ከ2024 ወዲህ 18 ሰከንድ ነው። ስለዚህ አጭር ምልክት ያስፈልጋል። ፋ፣ ሲ፣ ከተ፣ ስላ፣ ስዊ፣ ከር፣ ቼ፣ ስፕ በቂ ናቸው። የስትራይክ ክልሉን እንደ ስልክ ቁልፍ ከ1 እስከ 9 በሆኑ ሳጥኖች ክፈሉት፤ ከክልሉ ውጭ ለሚወድቀው «ላ» ለላይ፣ «ታ» ለታች፣ «ው» ለውጭ፣ «ው'» ለውስጥ በሉ። አንድ ግራ እጅ መቺ («ግ») የገጠመው አራት ውርወራ እንዲህ ሊመስል ይችላል፤ ከውርወራው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ፍጥነቱ በማይል ነው፣ «ፋውል» ደግሞ ከሜዳው መስመር ውጭ የተመታ ኳስ ነው፦

ግ፣ 0-0፣ ፋ 95፣ ሳጥን 3፣ ዳኛ ስትራይክ
ግ፣ 0-1፣ ፋ 96፣ ላ፣ ፋውል
ግ፣ 0-2፣ ስፕ 84፣ ታ፣ አልሰነዘረም
ግ፣ 1-2፣ ስፕ 85፣ ታ፣ ሰንዝሮ ሳተ

ይህን ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ሁለት ከፍ ያሉ ፋስትቦሎች የመቺውን ዓይን ወደ ላይ ሰቀሉት፤ ሦስተኛው ውርወራ፣ ስፕሊተሩ፣ አላታለለውም፤ ወርዋሪው ግን ያንኑ ደገመ። በመደገሙ ውስጥ ስለ ሰውየው ልብ ብዙ ነገር አለ። ስፕሊተሩ ተንቆበት ሌላ ውርወራ የሚፈልግ አለ፤ «እንደገና ሞክረው» የሚልም አለ። ከአምስት ጨዋታ በኋላ የእናንተ ወርዋሪ የትኛው እንደ ሆነ ከቅደም ተከተሉ ታውቃላችሁ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የድርሻ ሰንጠረዥ አይነግራችሁም።

ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚይዘውን ተቀባዩንም አትርሱ። ከ2022 ጀምሮ ብዙ ተቀባዮች የትኛው ኳስ እንደሚወረወር ለወርዋሪው ምልክት የሚሰጡት «ፒችኮም» በተባለ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ስለሆነ ጣታቸውን ማየት ጥቅም የለውም። ነገር ግን ጥሪው ብዙውን ጊዜ የእነርሱ ነው። ካል ራሌይ ሲቀበልና ሌላ ተቀባይ ሲቀበል የአንዱ ወርዋሪ አመራረጥ ይለያይ እንደ ሆነ በማስታወሻው ራስ ላይ የተቀባዩን ስም በመጻፍ ብቻ መከታተል ይቻላል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ኳሱ ከእጅ የሚወጣበትን ቦታ አጥኑ

አንድ ፋስትቦል 95 ማይል ነው ስንል ሙሉውን አልተናገርንም። ሎጋን ጊልበርት ቁመቱ 198 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ረጅም ተራምዶ ኳሱን የሚለቀው ከብዙዎቹ ወርዋሪዎች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቀርቦ ነው። መቺው በዚያው መጠን ጊዜ ያጣል። በ2024 ከሁሉም የሊጉ ወርዋሪዎች የበለጠ ኢኒንግ፣ 208 እና ሁለት ሦስተኛ፣ የወረወረው እርሱ ነው። ብራያን ዉ ደግሞ ኳሱን ዝቅ ካለ ከፍታ ይለቃል፤ ፎር ሲሙ ወደ ክልሉ የላይኛ ጠርዝ ሲሄድ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ስለሚመስል መቺዎች ከሥሩ ይሰነዝራሉ። ከውርወራዎቹ ከግማሽ በላይ ፎር ሲምና ሲንከር ናቸው፤ በወረቀት ላይ ስንቁ ቀጭን ይመስላል። ሁለቱ ፋስትቦሎች ከአንድ ቦታ ወጥተው አንዱ ከፍ ብሎ ሲቀር ሌላው ወደ ቀኝ እጅ መቺው እጆች ሲገባ ግን ሁለት ፋስትቦል እንደ አራት ይሠራል። የዓይነቱን ብዛት ብቻ ቆጥሮ ዉን ዝቅ አድርጎ የሚመዝን ሰው ይሳሳታል።

ቀጥሎ የሁሉንም ውርወራዎች መነሻ አነጻጽሩ። ከርቭቦሉ ከፋስትቦሉ ከፍ ካለ ቦታ ይወጣል? ስላይደር ሲይዝ ክንዱ ይወርዳል? ቼንጅአፕ ሊወረውር ጓንቱ ውስጥ ጣቶቹን ሲያስተካክል ጓንቱ ይሰፋል? ቀስ ተደርጎ በሚደገም ምስል አንድ ፋስትቦልና አንድ ስላይደር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ኳሱ እስኪለቀቅ ድረስ ያለውን ብቻ ተመልከቱ። ልዩነት ካገኛችሁ ወዲያው አትመኑት፤ በሌሎች ሁለት ጨዋታዎች ካልተደገመ አጋጣሚ ነው።

በዓይን አይቶ ማወቅ የጨዋታው ሕጋዊ አካል ነው። በጨዋታ ሰዓት በካሜራ ምልክት መስረቅ ግን ክልክል ነው፤ ሂዩስተን አስትሮስ በ2017 ያደረገው ይፋ ሲሆን በጥር 2020 አምስት ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል፣ አሠልጣኙና ዋና ሥራ አስኪያጁም ለአንድ ዓመት ታግደዋል። ልጆችን የምታሠለጥኑ ከሆነ ይህን ድንበር ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ድካምና የሜዳ አየር

መቺዎች አንድን ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት ከመጀመሪያው ጊዜ የተሻለ ይመቱታል፤ ይህ በሊጉ ሁሉ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ማስታወሻችሁ ላይ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር በሚል ክፈሉ። ብልህ ወርዋሪ አንድ ውርወራ ለሦስተኛው ዙር ይደብቃል። ፍጥነቱ በአንድ ወይም በሁለት ማይል መውረድ ከጀመረ የትኛው ኢኒንግ ላይ እንደ ሆነ ጻፉ።

አየሩም ልዩነት ያመጣል። ኳስ የሚታጠፈው አየር ስለሚገፋው ነው፤ አየሩ ሲሳሳ መታጠፉም ይቀንሳል። ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ዴንቨር ከርቭቦል ከሲያትሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ይታጠፋል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የሚወረወር ከርቭቦል ከዴንቨሩም የባሰ ቀጥ ባለ ነበር። ስለዚህ ወርዋሪው ዴንቨር ላይ የተጫወተውን ጨዋታ ከአማካዩ አውጡት፤ ከርቭቦሉ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ቡልፔኑን በሌላ ሚዛን መዝኑ

ቡልፔን ተተኪ ወርዋሪዎች እየተሟሟቁ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። ተተኪ ወርዋሪ ብዙ ጊዜ አንድ ኢኒንግ ብቻ ስለሚሠራ ሁለት ውርወራ ይበቃዋል። አንድሬስ ሙኞዝ እጅግ ፈጣን ፋስትቦል እያለው ከሁሉ አብልጦ ስላይደሩን ወርውሮ ጨዋታ ዘግቷል። ለእንዲህ ያለ ሰው የዓይነት ዝርዝር ትርጉም የለውም፤ «ስላይደሩን ለስትራይክ መጣል ይችላል ወይስ መቺው እንዲያሳድደው ብቻ ነው?» የሚለው ይበልጣል።

የተተኪዎች ወረቀት ዋና መስመር «ለማን ይገባል?» የሚለው ነው። በጥቅምት 2025 ማሪነርስ በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ቶሮንቶን 3 ለ 1 እየመሩ ሳለ፣ በሰባተኛው ኢኒንግ ዉ ሁለት ሯጮች ቤዝ ላይ ትቶ ወጣ። ኤድዋርድ ባዛርዶ ተተክቶ ሲንከር ወረወረ፤ የቶሮንቶው ጆርጅ ስፕሪንገር ሦስት ነጥብ ያስቆጠረ ሆም ረን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር በላይ ያለፈ ምት፣ መታው። ሙኞዝ በዚያች ሰዓት ቡልፔን ውስጥ ነበር። በዚያ ምርጫ ላይ የሲያትል ሰው እስከ ዛሬ ይከራከራል፤ እኔም ሙኞዝ መግባት ነበረበት ከሚሉት ነኝ። ለጥናት የሚጠቅመው ግን የክርክሩ ቅርጽ ነው፦ ይህ መቺ ይህን ውርወራ፣ በዚህ ከፍታ፣ ከዚህ ክንድ። የተተኪ ወርዋሪ ማስታወሻ ለዚያ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጎድሏል ማለት ነው።

የመጨረሻው ጽሑፍ

ለአንድ ወርዋሪ አንድ ገጽ ብቻ ፍቀዱ። ከላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማንነቱን ጻፉ። ቀጥሎ ለሁለቱ ዓይነት መቺዎች የውርወራዎቹን ድርሻ፣ በመጀመሪያ ውርወራ፣ ሲቀድምና ሲቀደም የሚመርጠውን፣ ስትራይክአውት የሚያገኝበትን ኳስና ቦታ። ከታች «ተዉት» እና «ምቱት» የሚሉ ሁለት መስመሮች ይኑሩ፦ የትኛውን ኳስ፣ በየትኛው ከፍታ መተው እንደሚገባ፣ የትኛውን መጠበቅ እንደሚሻል። «ስፕሊተሩ ጥሩ ነው» ብላችሁ አትጻፉ። «ለግራ እጅ መቺ ከ0-2 በኋላ ስፕሊተር ከጉልበት በታች ይጥላል፤ ከጉልበት በላይ የጀመረ ካልሆነ አትሰንዝሩ» ብላችሁ ጻፉ።

ገጹ ዕድሜ አለው። ወርዋሪው ሉዊስ ካስቲዮ በሲንሲናቲ ቡድን ሳለ ስሙን ያስጠራው ቼንጅአፑ ነበር፤ በ2022 ሐምሌ መጨረሻ ወደ ሲያትል ከመጣ በኋላ ግን በፎር ሲሙ ላይ አብዝቶ መደገፍ ጀመረ። የሲንሲናቲውን ወረቀት ይዞ የገጠመው መቺ ያልመጣ ኳስ ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ ወርዋሪው ቡድን ሲቀይር፣ ከጉዳት ሲመለስ ወይም የአንድ ውርወራ ድርሻ በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ከወትሮው በግልጽ ሲለወጥ አዲስ ገጽ ጀምሩ። በየካቲትና በመጋቢት ማሪነርስ አሪዞና፣ ፒዮሪያ ውስጥ ሲለማመዱ ወርዋሪዎች አዲስ ኳስ ይሞክራሉ፤ ያን ጊዜ የምታዩትን በእርሳስ ጻፉ፣ በሚያዝያ መደበኛ ጨዋታ፣ በተለይም ከ2-0 በኋላ ሲወረወር ካያችሁት በቀለም አጽድቁት።